አዲስ ፈርምዌር ጫንኩ፣ ኪቦርዱ ግን አሁንም አይጽፍም

የመጣው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ለሁለት የተከፈለ ገመድ አልባ ኪቦርድ ራሴ ሠራሁ። በሁለቱም በኩል ኤንአርኤፍ52840 ቺፕ ያለው ትንሽ ቦርድ አለ። ፈርምዌሩ (ቦርዱ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም) ዜድኤምኬ የሚባለው ነው። መጀመሪያ ጥሩ ይሠራ ነበር። የቀኙን ቦርድ በሌላ ከቀየርኩ በኋላ ግን ቀኙ ዝም አለ። ዩኤስቢ ላይ ብሰካውም አንድ ፊደል አይጽፍም። ፈርምዌሩን ደጋግሜ ጫንኩት፣ ለውጥ የለም። አሁን ጭራሽ ላፕቶፑ ‹ተገናኝቷል› እያለኝ ግራውም መጻፍ አቆመ። በዚያ ላይ ግራው ላይ አንድ ዓምድ ሙሉ አይሠራም፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን?»

ወንድሜ፣ የተቃጠለ አይመስለኝም። የተቃጠለ ቦርድ ፈርምዌር አይቀበልም፣ በብሉቱዝም አይታይም። ያንተ ግን ፋይሉን ይቀበላል፣ ላፕቶፑም ያየዋል። የዘረዘርካቸው ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለመጡብህ አንድ በሽታ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የቀኙ ዝምታና የግራው «ተገናኝቷል ግን አይጽፍም» መነሻቸው አንድ ነው። የዓምዱ ጉዳይ ሌላ ነው። የባትሪውም ሌላ ነው። ለየብቻ እንያቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። የድካምህ ትልቁ ክፍል የመጣው ከዚህ ነውና። አዲስ ፈርምዌር መጫን ቦርዱ የሚያስታውሰውን ነገር አያጠፋም።

ኤንአርኤፍ52840 ውስጥ 1 ሜጋባይት ፍላሽ ሜሞሪ አለ። ይህ ቦታ የተከፋፈለ ነው። አንዱ ክፍል ቡትሎደሩ (ፈርምዌር የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ነው፤ ሪሴት (ቦርዱን እንደገና የሚያስነሳውን ቁልፍ) ሁለት ጊዜ ስትጫን እንደ ፍላሽ ዲስክ ብቅ የሚለው እሱ ነው። ትልቁ ክፍል ፈርምዌሩ የሚቀመጥበት ነው። ሌላ ትንሽ ክፍል ደግሞ አለ፣ የቅንብር ማስቀመጫ። ከየትኛው ኮምፒውተር ጋር እንደተጣመረ፣ የትኛው ፕሮፋይል (የአንድ ኮምፒውተር ማጣመሪያ ቦታ) እንደተመረጠ፣ በዩኤስቢ ይሁን በብሉቱዝ መላክ እንደመረጥክ፣ የኪቦርዱ ሌላኛው ግማሽ ማን እንደሆነ፣ ሁሉም እዚህ ይጻፋል። የዩኤፍ2 ፋይል (ፈርምዌሩ የሚመጣበትን ፋይል) ስትገለብጥ የሚቀየረው የፈርምዌሩ ክፍል ብቻ ነው። የቅንብሩ ክፍል እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ያንኑ ፋይል መቶ ጊዜ ብትጭነው ቦርዱ ይዞት የነበረውን የድሮ መረጃ ይዞ ነው የሚነሳው።

አሁን ይህን ወደ ችግርህ እናምጣው። ኪቦርድና ላፕቶፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጣመሩ ምስጢራዊ ቁጥር ይይዛሉ። ቁጥሩ በሁለቱም ዘንድ ይቀመጣል። በኋላ በተገናኙ ቁጥር መልእክቱን የሚመሰጥሩት በእሱ ነው። በር ላይ የይለፍ ቃል እንደሚጠያየቁ ሁለት ሰዎች አስባቸው፤ አንዱ ቃሉን ከረሳ ሌላው አይከፍትለትም። አንተ ደግሞ በሙከራ መሀል ላፕቶፑ ላይ ኪቦርዱን ሰርዘህ ወይም ኪቦርዱ ላይ ፕሮፋይሉን አጥፍተህ ይሆናል። አንዱ ወገን ረሳ፣ ሌላው ያስታውሳል። ሬዲዮው ይገናኛል፣ ላፕቶፑም «ተገናኝቷል» ብሎ ያሳያል፤ ምስጠራው ግን አይጀመርም። ምስጠራ ከሌለ ፊደል አያልፍም።

ቀኙም ላይ የሆነው ተመሳሳይ ነገር ነው። ሁለቱ ግማሾች የሚነጋገሩት በብሉቱዝ ነው፣ እነሱም በመካከላቸው የተጣመሩ ናቸው። ግራው የሚያስታውሰው የድሮውን የቀኝ ቦርድ ነው። አዲሱን አያውቀውም። አዲሱ ቦርድ ከዚህ በፊት ሌላ ኪቦርድ ላይ ሠርቶ ከሆነ ደግሞ እሱም የራሱን የድሮ ጓደኛ እየፈለገ ነው።

መፍትሔው ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ ማስረሳት ነው። ለዚህ ዜድኤምኬ ራሱን የቻለ ፈርምዌር አለው፣ ሴቲንግስ ሪሴት ይባላል። በግንባታ ዝርዝር ፋይልህ (የትኞቹ ፈርምዌሮች እንደሚዘጋጁ በሚዘረዝረው) ላይ የቦርድህን ስም ጽፈህ በሺልዱ ቦታ (የኪቦርድህ ስም በሚጻፍበት) ሴቲንግስ ሪሴት ብትል ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይገነባልሃል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነውና እንዳታዘዋውረው። መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ፣ ስልክህም ላይ ካለ እዚያም፣ ኪቦርዱን ከብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ሰርዝ። ማላቀቅ ብቻ አይበቃም፣ መሰረዝ አለበት። ቀጥሎ ግራው ላይ ሴቲንግስ ሪሴት ጫን። ቀኙም ላይ ይህንኑ ጫን። አሁን ሁለቱም ምንም አያስታውሱም፤ ምንም አይጽፉም፣ በብሉቱዝ ካልታዩም አትደንግጥ። ከዚያ ግራው ላይ የግራውን ፈርምዌር፣ ቀኙ ላይ የቀኙን ጫን። በመጨረሻ ሁለቱንም ከባትሪ አብራና ሪሴታቸውን በተቀራራቢ ጊዜ አንድ አንድ ጊዜ ተጫን። እርስ በእርስ ይገናኛሉ። ከላፕቶፑ ጋር የምታጣምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ስለ መጫኑ ራሱ ጥቂት ልበል፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሰናከላል። ሪሴቱን ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ስትጫን አዲስ ድራይቭ መምጣት አለበት። ካልመጣ መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥር። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ የዳታ ሽቦ የሌላቸው ኬብሎች ሞልተዋል። የሪሴት ቁልፍ ካልገጠምክ የሪሴትን ፒንና ግራውንድን በወረንጦ ሁለት ጊዜ ማነካካት ያው ነው። ፋይሉ ተገልብጦ ሲያልቅ ድራይቩ በራሱ ይጠፋል፤ ይህ የመሳካት ምልክት ነው። አንዳንድ ኮምፒውተር፣ በተለይ ማክ፣ በዚህ ሰዓት የስህተት መልእክት ያወጣል። ቦርዱ ኮምፒውተሩን ሳይሰናበት ራሱን ስለሚያስነሳ ነው፣ አያሳስብህ።

አንድ ጊዜ አንድ ግማሽ ብቻ ሰካ። ሁለቱም ድራይቮች ስማቸው አንድ ስለሆነ መሳሳት በጣም ቀላል ነው። የግራውን ፋይል ቀኙ ላይ ከጫንክ የሚታይህ ምልክት ግልጽ ነው። ብሉቱዝ ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ኪቦርዶች ይመጣሉ፣ ቀኙም የግራውን ፊደላት ይጽፋል። ይህን ካየህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ትክክለኛውን ፋይል ጫንና ማስረሳቱን ድገም።

ቀኙን ዩኤስቢ ላይ ሰክተህ አለመጻፉ አስደንግጦሃል። ይህ ግን ብልሽት አይደለም፤ ጤነኛ ቀኝም እንዲሁ ነው። ዜድኤምኬ ላይ ከሁለቱ ግማሾች አንዱ ዋና ነው፣ ሳትቀይረው ከተውከው ግራው። ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው እሱ ብቻ ነው፣ በዩኤስቢም በብሉቱዝም። ቀኙ ረዳት ነው። «በዚህ ቦታ ያለው ቁልፍ ተጫነ» ብሎ ለግራው ይነግራል፣ ሌላ ሥራ የለውም። የትኛው ቦታ የትኛው ፊደል እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ዩኤስቢው ለቀኙ የሚጠቅመው ባትሪ ለመሙላትና ፈርምዌር ለመጫን ነው። ስለዚህ ቀኙን መፈተን ስትፈልግ ግራውን ዩኤስቢ ላይ ሰካ፣ ቀኙን በባትሪ አብራ፣ ከዚያ ቀኙ ላይ ጻፍ። ከጻፈ የሁለቱ ግንኙነት ደህና ነው፣ ችግር ካለ ከላፕቶፑ ጋር ባለው ብሉቱዝ ላይ ነው ማለት ነው። ካልጻፈ ደግሞ ላፕቶፑን ተወው፣ በደሉ በግማሾቹ መካከል ነው። ይህች አንዲት ፈተና ብዙ ሰዓት ታድናለች።

ከዚሁ ጋር አንድ ልማድ ይያያዛል። ኪማፕህ (የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ፋይል) ውስጥ በሁለተኛው ሌየር (በቁልፎቹ ሁለተኛ ሥራ) ላይ አራት ነገሮች ይኑሩ፦ ፕሮፋይል መምረጫ፣ የተመረጠውን ፕሮፋይል ማጥፊያ፣ በዩኤስቢና በብሉቱዝ መካከል መቀያየሪያ፣ እንዲሁም ወደ ቡትሎደር መግቢያ። የመጨረሻውን በሁለቱም ግማሾች ላይ አድርገው፣ የሚሠራው በተጫነበት ግማሽ ላይ ነውና። ዜድኤምኬ ብዙውን ጊዜ አምስት ፕሮፋይሎች አሉት፣ ቁጥራቸው የሚጀምረው ከ0 ነው። አንድ ፕሮፋይል የሚይዘው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። «አዲሱ ስልኬ ኪቦርዱን አያገኘውም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተያዘ ፕሮፋይል ላይ ቆሞ ነው፤ ወደ ባዶው ቢሄድ ይገናኛል። ሌላም አለ። ዩኤስቢም ብሉቱዝም ሲኖሩ ዜድኤምኬ የሚያስቀድመው ዩኤስቢን ነው። ባትሪ ለመሙላት ብለህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰካው የምትጽፈው ወደዚያ ኮምፒውተር ይሄዳል፣ ላፕቶፕህ ግን «ተገናኝቷል» ማለቱን አይተውም። መቀያየሪያው ለዚህ ነው።

አልጠየቅከኝም እንጂ ወደፊት የሚገጥምህ አንድ ነገር አለ፣ እሱም ከዚሁ ማስታወስ የመጣ ነው። ኪማፕህን ታስተካክላለህ፣ ትጭናለህ፣ ፊደሉ አይቀየርም። መጀመሪያ የጫንከው ግራው ላይ መሆኑን እይ፤ ኪማፕ የሚነበበው ዋናው ግማሽ ላይ ስለሆነ ፊደል ለመቀየር ግራውን ብቻ መጫን ይበቃል። እዚያ ጭነህም ካልተቀየረ ዜድኤምኬ ስቱዲዮን ተጠቅመህ እንደሆነ አስታውስ። ስቱዲዮ ኪማፑን ያለ ፈርምዌር መጫን የሚቀይር መሣሪያ ነው፣ ለውጡን የሚያስቀምጠው በዚያው የቅንብር ክፍል ነው። አንዴ በስቱዲዮ ከቀየርክ ያ ቅጂ ከፋይልህ በላይ ይሆናል። ስቱዲዮ ውስጥ ወደ መነሻው መመለሻውን ካልተጫንክ በቀር ፋይልህ ላይ የምትጽፈው አይታይም። አንዱን መንገድ ምረጥና በእሱ ጽና። እኔ ፋይሉን እመርጣለሁ፣ ምን መቼ እንደቀየርኩ ተመዝግቦ ይቀራልና።

ላፕቶፑም የራሱ ትዝታ አለው። ኪቦርዱ መጀመሪያ ሲጣመር «እኔ እንዲህ ያለ መሣሪያ ነኝ» ብሎ የሰጠውን መግለጫ ያስቀምጣል። በኋላ ፈርምዌሩ ላይ ለምሳሌ የማውስ እንቅስቃሴ ብትጨምር፣ ላፕቶፑ የድሮውን መግለጫ እያየ አዲሱን ሥራ ላያውቀው ይችላል። ፊደሉ ይሠራል፣ ማውሱ አይንቀሳቀስም። ሰርዞ እንደገና ማጣመር ነው መድኃኒቱ።

ወደ ዓምዱ እንምጣ። እዚህ ላይ ፈርምዌሩን ለጊዜው ተወው። አንድ ዓምድ ሙሉ ሞቶ ሌላው ሁሉ ከሠራ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የዚያ ዓምድ ሽቦ ወይም የቦርዱ ፒን ላይ ያለው ብየዳ ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ስዊቹ ወይም ዳዮዱ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ነው። አንድ ረድፍ ከሆነ የረድፉ ፒን። ግማሹ ሙሉ በሙሉ ዝም ካለ፣ ብሉቱዙም ደህና ከሆነ፣ የዳዮዱ አቅጣጫ ነው።

መልቲሜትር አምጣ። ኪቦርዱን አጥፋ፣ ባትሪውንም ንቀል። መልቲሜትሩን በሚጮኸው መለኪያ ላይ አድርግና ከቦርዱ ፒን ጀምረህ እስከ መጨረሻው ስዊች እግር ድረስ ዓምዱን ተከተል። የማይጮኽበት ቦታ ላይ ነው የተቋረጠው። ፒኑ ራሱ ላይ ብየዳው ደብዛዛ ወይም ኳስ የሠራ ከሆነ ትንሽ ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀብተህ እንደገና አሙቀው። ዳዮዶቹን በዳዮድ መለኪያው ፈትናቸው። የተለመደው 1ኤን4148 በአንድ በኩል 0.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ በሌላው በኩል ምንም። ጥቁሩ ቀለበት ያለበት ጫፍ ካቶዱ ነው፣ ጅረቱ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ሁሉም ቀለበቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ማየታቸውን በዓይንህ አረጋግጥ።

ሽቦው ደህና ከሆነ ያን ጊዜ ፒኖቹ ወደተጻፉበት የሺልድ ፋይልህ ተመለስ። ሁለት ነገር ተመልከት። አንደኛው የፒን ቁጥሩ ነው። ፕሮ ማይክሮ በሚባለው ትንሽ ቦርድ ቅርጽ በተሠሩ ቦርዶች ላይ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል አይሄዱም፤ በአንድ በኩል ከ9 ወርደው ሲጨርሱ በሌላው በኩል 10፣ 16፣ 14፣ 15 ብለው ከዚያ ወደ 18 ይዘላሉ። በግምት የጻፈ ሰው እዚህ ይሳሳታል፣ ውጤቱም አንድ ዓምድ መሞት ነው። ሁለተኛው የዳዮድ አቅጣጫ ቅንብሩ ነው። ጅረቱ ከዓምድ ወደ ረድፍ የሚሄድ ከሆነ፣ የሚነበቡት ረድፎቹ ናቸው፤ ቁልፍ ካልተጫነ ፒኑን ዜሮ ላይ የሚያቆየው ፑል ዳውንም የሚጻፈው በእነሱ ላይ ነው። ከረድፍ ወደ ዓምድ ከሆነ ግልባጩ። ፑል ዳውኑ ከተረሳ ፒኑ ተንሳፋፊ ይሆናል፣ ማንም ሳይነካው ፊደል መዝነብ ይጀምራል። ገና ስዊች ሳትገጥም ቀዳዳዎቹን በወረንጦ እያነካካህ ሁሉንም ቁልፍ መፈተን የምመክረው ለዚህ ነው፤ ስዊች ከተበየደ በኋላ ስህተት ማረም ልብ ያደክማል።

ቀኙ ሲሠራ ፊደሎቹ በመስታወት እንደታዩ ተገልብጠው ከመጡ ደግሞ ፒኖቹ በተቃራኒ ቅደም ተከተል ተጽፈዋል ማለት ነው። የግራውን ፊደል ከጻፈ፣ የፋይሉም ትክክለኛነት ከተረጋገጠ፣ የቀኙ ዓምዶች ከየት እንደሚቆጠሩ የሚናገረው መስመር ጎድሏል። ግራው 6 ዓምድ ካለው ቀኙ ከ6 ጀምሮ መቆጠር አለበት።

ግንባታው ራሱ ቀይ ምልክት ካወጣብህ ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው የስህተት መስመር ጀምር። የቀሩት ብዙዎቹ የእሱ ልጆች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለ ሴሚኮለን ወይም ያልተዘጋ ቅንፍ ነው። ስህተት ሳያወጣ የሚያልፍ ነገርም አለ፦ ኪማፑ ላይ አንድ ቁልፍ ከረሳህ ይገነባል፣ ግን ከዚያ በኋላ ያሉት ቁልፎች ሁሉ አንድ ቦታ ይንሸራተታሉ። ሌላው ምክሬ በየጊዜው የሚለዋወጠውን የዜድኤምኬ ዋና ቅርንጫፍ ከመከተል ይልቅ የተለቀቀ ስሪት ቁጥር በማኒፌስት ፋይልህ (የትኛው ዜድኤምኬ እንደሚወሰድ በሚናገረው) ላይ መጻፍ ነው። ምንም ሳትነካ ትናንት የተገነባው ዛሬ እምቢ ካለህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የዋናው ቅርንጫፍ መለወጥ ነው።

ቀኙ ተገናኝቶ ፊደል እየዘለለ ወይም እየደጋገመ ከጻፈስ? ፊደል የሚደጋግመው ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ከሆነ ስዊቹ ነው፤ የመጫንና የመልቀቅ ማጣሪያ ጊዜውን ከ5 ሚሊሰከንድ ትንሽ ከፍ አድርገው። ቁልፉ ሳይለይ ከሆነ ሬዲዮው ነው። ብሉቱዝ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ከብረት የተሠራ ሳጥን ያፍነዋል። አንቴናው ባለበት የቦርዱ ጫፍ ላይ የተጋደመ ባትሪም እንዲሁ። ዩኤስቢ 3 የሚጠቀሙ መሣሪያዎችና ኬብሎች በዚሁ ሞገድ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይፈጥራሉ፤ የላፕቶፑ ብሉቱዝ በዶንግል (ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ ትንሽ መሣሪያ) ከሆነ በማራዘሚያ ኬብል ትንሽ አርቀው። ይህ ሁሉ ካልበቃ የማሰራጫ ጉልበቱን ወደ 8 ዲቢኤም ከፍ የሚያደርግ ቅንብር አለ። ባትሪ ግን ይበላል፣ ለዚህ ነው በመጨረሻ የማነሳው።

ባትሪው። ግራው ከቀኙ ቀድሞ ማለቁ ተፈጥሮው ነው፤ ከላፕቶፑም ከቀኙም ጋር የሚያወራው እሱ ስለሆነ። የሚመጣጠን ባትሪ ከፈለግክ ለግራው ትልቁን ስጠው። ቀኙን አጥፍተህ ግራውን አብርተህ የምትተው ከሆነ ደግሞ ግራው ጓደኛውን መፈለጉን አያቆምም፣ ፍለጋው ጉልበት ይጨርሳል። ስታጠፋ ሁለቱንም አጥፋ። ከዚያ የእንቅልፍ ቅንብሩን አብራ፤ ዜድኤምኬ ላይ ካልከፈትከው ዝግ ነው። ሲከፈት ኪቦርዱ 15 ደቂቃ ካልተነካ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ይገባል፣ ቁልፍ ስትጫን ይነሳል። ሲነሳ እስኪገናኝ ትንሽ ይዘገያል፣ ያንን ታገሠው። ባለቀለም የአርጂቢ መብራት ካለህ ዋናው ሌባ እሱ ነው። ጠፍቶ እንኳ እያንዳንዱ አምፖል ወደ 1 ሚሊአምፔር ይወስዳል፣ ስለዚህ ቀለሙን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ኃይሉን መቁረጥ ያስፈልጋል። ለምርመራ ብለህ የዩኤስቢ ሎግ (ቦርዱ የሚሠራውን በዩኤስቢ የሚዘግብበትን) ከፍተህ ከነበረም ሥራው ሲያልቅ ዝጋው።

ባትሪ ስትቀይር ሁለት ነገር እንዳትረሳ። የማገናኛው ቀይና ጥቁር ሽቦ አቀማመጥ ከሻጭ ሻጭ ይለያያል፤ ከመሰካትህ በፊት በመልቲሜትር ለካ፣ የተገለበጠ ባትሪ በእርግጥም ቦርድ ያቃጥላል። ከእነዚህ ቦርዶች ብዙዎቹ በ100 ሚሊአምፔር ይሞላሉ። ያ ለ110 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ልክ ነው፣ ከዚያ በጣም ላነሰ ግን ይበዛበታል።

አሁን ማስረሳቱን ሥራና በመጀመሪያ ግራውን በዩኤስቢ ፈትን፣ ቀጥሎ ቀኙን በግራው በኩል፣ በመጨረሻ ብሉቱዙን። ካልሆነልህ የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ፣ የሺልድ ፋይልህንና የሁለቱን ቦርዶች የብየዳ ፎቶ ላክልኝ። የፒኖቹ ቁጥር ያለበትን ገጽ ፎቶ ብታክልበት ዓምዱንም አብረን እናየዋለን።